ጎጆ ጠባቂውና መንጠቆው

ዓሣ የሚያዝባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ረሃብ ነው። መንጠቆ ላይ ትል ይሰካል፤ የራበው ዓሣ ይመጣል፤ ይውጣል፤ ይያዛል። ማታለል የለበትም አይባልም፤ ይሁን እንጂ ዓሣውም ሊበላ፣ ሰውየውም ሊበላ የመጡ ናቸውና ሁለት ሆዶች ተገናኙ ብለን እንለፈው። ሁለተኛው መንገድ ግን ከሆድ ጋር ጉዳይ የለውም። ዓሣው የሚነክሰው ልጆቹን ሊያድን ነው። ይህን አውቆ፣ ይህንኑ ወቅት ጠብቆ፣ መንጠቆውን በእንቁላሎቹ መካከል የሚጥል ሰው ምን እያደረገ ነው? ያውም የያዘውን ዓሣ ሳይበላ፣ ሳይሸጥ፣ ፎቶግራፍ አንስቶት መልሶ የሚለቀው ከሆነ?

ስንት የሰው ጉዳይ እያለ ስለ ዓሣ መብሰልሰል ቅንጦት የሚመስለው አንባቢ እንደሚኖር አልጠፋኝም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይላል ያገሬ ሰው። እስቲ ጥቂት እንጎርጉርና የሚወጣውን እንይ።

ነገሩ የሚመለከተው በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖረውን ባስ የተባለ ዓሣ ነው። ከዘመዶቹ ሁሉ ዝነኛው ላርጅማውዝ የሚሉት ሲሆን አፈ ሰፊ እንደ ማለት ነው፤ የላይኛው መንጋጋው ጫፍ ከዓይኑ አልፎ ወደ ኋላ ይደርሳል። ጀርባው አረንጓዴ፣ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለበት፣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ጉልበተኛ ነው። ክረምቱን ጥልቅ ውሃ ውስጥ ያሳልፍና ጸደይ መጥቶ የውሃው ሙቀት ወደ 16 እና 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ወንዱ ወደ ዳር ይወጣል። ጥልቅ ባልሆነ ውሃ ውስጥ ጭቃውንና ቅጠሉን በጅራቱ እየጠረገ የእንጀራ ምጣድ የሚያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚሰፋ ክብ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ ትመጣለች፤ እንቁላሎቿን በሺህ የሚቆጠሩ አድርጋ ትጥላለች፤ ትሄዳለች። ወንዱ ይቀራል።

ይቀራል ማለት እንግዲህ እንዲህ ነው። ደለል እንዳይሸፍናቸው፣ ንጹሕ ውሃም እንዳይጓደልባቸው ሌት ተቀን እንቁላሎቹን በክንፎቹ ያራግባል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላሉ። ከተፈለፈሉም በኋላ ልጆቹ እንደ ትንኝ መንጋ ተሰብስበው ሲዋኙ ዙሪያቸውን እየዞረ ይጠብቃል። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት እህል ውሃ ብሎ አይዞርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚኖረው ባጠራቀመው ስብ ነው። ጠላቶቹ ብዙ ናቸው፤ ከሁሉም የሚያስቸግሩት ብሉጊል የሚባሉት መዳፍ የሚያህሉ ትንንሽ ዓሣዎች ናቸው። ከጎጆው ጥቂት ራቅ ብለው በክብ ቆመው ዞር የሚልበትን ቅጽበት ይጠባበቃሉ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላነበብኩትም፤ በዓይኔም አይቼዋለሁ። ሚያዝያ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ከዋሽንግተን ከተማ ብዙም በማይርቀው፣ በቨርጂኒያ ግዛት ፌርፋክስ ውስጥ ባለው በርክ ሐይቅ ላይ ከአንድ የልጅነት ጓደኛዬ ጋር ዋልኩ። በርክ 218 ኤከር ስፋት ያለው፣ በደን የተከበበ ሐይቅ ነው። የቤንዚን ሞተር ስለሚከለከል ከመቅዘፊያና ከወፍ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ጓደኛዬ ዲቪ ደርሶት ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሌሊት ሌሊት መንገደኛ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ያመላልሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዓሣ ያጠምዳል። አዲስ አበባ ሳለን ዓሣ የምናውቀው ከምግብ ቤት ሳህን ላይ ነበር። አሁን ግን ስለ ዘንግና ስለ ጅማት ዓይነት ሲያወራ የድሮው ሰው አይመስልም።

ወሩ ዐቢይ ጾም ነበር። ፋሲካ በዚያ ዓመት የዋለው ሚያዝያ 27 ነው። ጓደኛዬ አጥባቂ ጾመኛ በመሆኑ ባለቤቱ ለምሳ የሰጠችን የሱፍ ፍትፍት ነበር። «ጾመኛ ሰው ዓሣ ለመያዝ ማልዶ ሲወጣ ምን ይባላል?» አልኩት። «ልበላው ነው እንዴ አንተ ልጅ? ይዤ እለቀዋለሁ፤ የቀመስኩት የለ፣ የገደልኩት የለ» አለኝ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ያገራችን የቆየ ሙግት ውስጥ መግባት አልፈለግሁም፤ መልሱ ግን ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ከፍ ስትል የውሃ ነጸብራቅ የሚያጠፋ መነጽር ሰጠኝና ወደ ዳር እንድመለከት ነገረኝ። ከወደቀ ግንድ አጠገብ ነጣ ያለ ክብ ታየኝ። መካከሉ ላይ አንድ ጥቁር ጥላ ቆሟል። ከክንፎቹ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ጓደኛዬ የፕላስቲክ እንሽላሊት ያለበትን መንጠቆ ወረወረና ቀስ እያደረገ ክቡ ውስጥ አስገባው። ዓሣው ዞሮ አየው። መንጠቆው ተነቃነቀ። ዓሣው መጣ፤ በከንፈሩ ጫፍ አነሳው፤ ከክቡ ውጪ ወስዶ ተፋው፤ ተመልሶ ቦታው ላይ ቆመ። ልክ ደጇ ላይ የወደቀ ቆሻሻ እንዳየች የቤት እመቤት። «አየህ? አይበላውም፤ ቤቱን ነው የሚያጸዳው» አለኝ ጓደኛዬ፤ በአድናቆት ነበር የተናገረው። ደግሞ ወረወረ። ዓሣው ደግሞ አወጣ። እንደዚህ ሰባት ስምንት ጊዜ ሆነ። ሲደጋገም ተናደደ መሰለኝ፤ በስተመጨረሻ በሙሉ አፉ ያዘው። ጓደኛዬም ዘንጉን ሳበ።

ውሃው ተናወጠ። ከብዙ ትግል በኋላ ዓሣው የታችኛው ከንፈሩን በአውራ ጣት ተይዞ ከጀልባው ጎን ወጣ። በትንሿ ሚዛን ተመዘነ፤ ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነበር። ስልኩ ፎቶግራፍ እንዳነሳ ለእኔ ተሰጠ፤ አነሳሁ። ሁለት ደቂቃ፣ ቢበዛ ሦስት ቢሆን ነው። በመሐሉ ዞር ብዬ ወደ ጎጆው ብመለከት ክቡ ባዶ አልነበረም። አምስት ስድስት ብሉጊሎች አፋቸውን ወደ መሬት፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ አድርገው ገብተውበታል፤ ድግስ ላይ እንዳለ ሰው እርስ በርስ እየተገፋፉ። ጓደኛዬ ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ ውሃ ውስጥ ጥቂት ካቆየው በኋላ ለቀቀው። ዓሣው ስንጥቦቹን ከፈት ዘጋ እያደረገ ከጀልባው ሥር ቆየና ወደ ዳር ሄደ። ወዲያው ነፋስ ተነስቶ ውሃው ስለተሸበሸበ ከዚያ ወዲያ የሆነውን ማየት አልቻልንም።

ይዞ መልቀቅ በአሜሪካ ባስ አጥማጆች ዘንድ የጨዋነት ምልክት ነው። ሬይ ስኮት የተባለው ስመ ጥር የባስ ውድድር አዘጋጅ እ.ኤ.አ. በ1972 ተወዳዳሪዎች ዓሣውን ሳይገድሉ እንዲለቁት ማድረግ ከጀመረ ወዲህ ልማዱ ተስፋፍቶ ዛሬ ባስ ይዞ ወደ ምጣድ የሚወስደው ሰው በክፉ ዓይን የሚታይበት ጊዜ አለ። ለኛ ለሐበሾች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አንዲት የጎንደር ወይም የመንዝ እናት ይህን ብንነግራቸው የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ይመስለኛል፤ «ታዲያ ለምን ያዘው?» በኛ ባህል ለመብላት መግደል ያለና የነበረ ነው፤ በስመ ሥላሴ ተባርኮ ይታረዳል። ለመዝናናት ብሎ ማንገላታት ግን ስሙም የለ፤ ካለም ነውር ነው። አሜሪካዊው ለመሞት ይፈርዳል፣ እኛ ለመጫወት። የትኛው ይሻላል ቢባል ቶሎ አልመልስም። የሚለቀቀው ዓሣ ከሚበላው ይልቅ ዕድለኛ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ዓሣውን ብንጠይቀው የጎንደሯን እናት ሳይሆን የጓደኛዬን ወገን ይይዝ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ሒሳቡ የተሟላ አይደለም። «የገደልኩት የለም» የሚለው ጓደኛዬ የሚቆጥረው እጁ ላይ ያለውን አንዱን ዓሣ ብቻ ነው። ክቡ ውስጥ የነበሩትን አይቆጥርም። ዴቪድ ፊሊፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ነው የመረመረው። አባትየው ተይዞ ቢለቀቅም እርሱ በሌለበት ጥቂት ደቂቃ እንቁላሎቹና ልጆቹ ይበላሉ፤ ከተለቀቀም በኋላ ደክሞ እንደ ቀድሞው መከላከል ያቅተዋል፤ ጉዳቱ የበዛ እንደ ሆነም ጎጆውን ጥሎ ይሄዳል። ጥሎ መሄዱም በራሱ አሳዛኝ ስሌት ነው፤ ከመንጋው የተረፈው ጥቂት ከሆነ ለከርሞ ጉልበቱን ማዳን ይሻለዋል። በካናዳ የኦንታሪዮ ክፍለ ግዛት ብዙ አካባቢዎች እስከ ጁን ወር አጋማሽ አልፎ ድረስ ባስ ማጥመድን ለረጅም ዓመታት ዘግተው የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቨርጂኒያ ግን አልዘጋችም። ጓደኛዬ ፈቃድ አውጥቶ፣ ሕግ አክብሮ ነው ያጠመደው። የጽሑፌ ጉዳይም እዚህ ላይ ነው የሚጀምረው፤ ሕግ ያልከለከለውን ነገር ሌላ የሚከለክለው አለ ወይ?

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ፣ በትልልቆቹ ሕግጋት መካከል ሰው ሳያስተውላት የሚያልፋት አንዲት ትንሽ ትእዛዝ አለች። መንገደኛ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም በእንቁላሎቿ ወይም በጫጩቶቿ ላይ ተቀምጣ ቢሆን፣ እናቲቱን ከልጆቿ ጋር አይውሰድ ትላለች፤ ልጆቹን ወስዶ እናቲቱን ይልቀቅ። ለዚች ትንሽ ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ ታዲያ ትንሽ አይደለም፤ ዕድሜህ ይረዝማል፣ መልካም ይሆንልሃል ነው። አባትና እናቱን ላከበረ የተሰጠው ተስፋም ይኸው ነው። የወፏ እናትነትና የወላጆቻችን ክብር በአንድ ሚዛን የተቀመጡት ለምን ይሆን? ወፏ ብትፈልግ በርራ ታመልጥ ነበር። በእጃችን የምትገባው ክንፍ ስላጣች ሳይሆን ልጆቿን ትታ መብረር ስላልሆነላት ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አይሁዳዊው ፈላስፋ ማይሞኒደስ ይህንን ሲተነትን፣ እናት ለልጇ የምትራራው በአእምሮ ስሌት አይደለምና በዚህ ረገድ በሰውና በእንስሳ መካከል ልዩነት የለም ወደ ማለት ደርሷል። ለአንድ የአመክንዮ ሰው ይህ ትልቅ ንግግር ነው።

ካንትም በዚህ ነገር ላይ የሚጠቀስ ነው፤ እንስሳ ላይ መጨከን የለመደ ሰው በሰውም ላይ ይጨክናል ብሎ ያስጠነቅቃል። እኔን ግን አያረካኝም። ጓደኛዬን አሥራ አንድ ዓመት ባስ ማጥመድ አላጨከነውም፤ ይልቁንም ሳውቀው ከነበረው የበለጠ ሆደ ቡቡ ሆኗል። የካንት ምክንያት ብቻ ቢሆን ኖሮ እሱን ነጻ ለቅቄ ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ፍጡርን በድካሙ መያዝና በደግነቱ መያዝ አንድ ናቸው ወይ? እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ በሲና በረሃ፣ ከዚያም በሊቢያ፣ ስደተኞችን አግተው ለቤተ ዘመድ ስልክ የሚደውሉ ሰዎችን ታሪክ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ወይም ኤርትራዊ ያለ አይመስለኝም። እናት ስልኩን ታነሳለች፤ የልጇን ጩኸት ታሰማለች፤ ይህን ያህል ብር ይባላል። ቤት ይሸጣል፣ በሬ ይሸጣል፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፎቶግራፍ ተይዞ ይለመናል። በቀይ ሽብርም ዘመን ልጅየው ሲጠፋ አባትየውን ማሰር የተለመደ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሚያጠምዱት የሰውን ስስት አይደለም። ስስታም ሰው አይያዝላቸውም፤ ስልኩን ይዘጋዋል። የሚያጠምዱት ስልኩን መዝጋት የማይችለውን ነው። አጋቹና ቅዳሜውን የሚዝናና አጥማጅ አንድ ናቸው የሚል ሰው እብድ መሆን አለበት፤ እኔም አላልኩም። የእናት ሰቆቃና የዓሣ ቁጣም በአንድ ስም አይጠሩም። ነገር ግን የመንጠቆው ቅርጽ አንድ ነው። ሁለቱም ቦታ የሚሠራው ተጠማጁ መልካም ስለሆነ ብቻ ነው።

ይህን ስል ግጥም የመሰለው ሰው ካለ ሪጅ ሌክ ወደምትባለው፣ በኢሊኖይ ግዛት ወደምትገኘው ትንሽ ሐይቅ ልውሰደው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በባሶች ላይ ምልክት እየተደረገ እያንዳንዱ ስንት ጊዜ እንደተያዘ ተመዘገበ። በኋላ ውሃው ተለቅቆ ዓሣዎቹ ሲቆጠሩ አንዳንዱ ደጋግሞ የተያዘ፣ አንዳንዱ ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንዴም መንጠቆ ያልነካ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በቀላሉ የሚያዙትን ከመሰሎቻቸው፣ የማይያዙትንም ከመሰሎቻቸው ጋር ለይተው እያራቡ ሦስት ትውልድ ተከተሉ። ልዩነቱ በዘር የሚተላለፍ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2009 አሳወቁ። ከዚያም ሌላ ጥያቄ መጣ፤ በቀላሉ የሚያዙት ምን ዓይነት አባቶች ናቸው? መልሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። የሚያዙት የተሻሉት አባቶች ናቸው። ጎጆአቸውን አጥብቀው ይጠብቃሉ፤ የቀረበውን ሁሉ በኃይል ያባርራሉ፤ ማንም ካልነካቸው ብዙ ልጅ የሚያሳድጉትም እነሱ ናቸው። መንጠቆ የማይነኩት በመጠኑ ግድየለሾች ናቸው።

እንግዲህ አንድ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት በዚህ ወቅት ሲጠመድ ምን እየተመረጠ እንደሚሄድ አንባቢ ራሱ ያስበው። ብልሁ አይደለም የሚተርፈው፤ ልጆቹ ሲነኩበት ዝም የሚለው ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ ስለ ዓሣ ብቻ ማሰብ አልቻልኩም። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየትምህርት ቤቱ ቀድሞ የሚናገር፣ ቀድሞ የሚነክስ፣ ቀድሞም የሚወሰድ ሰው ነበር። ከእርሱ በኋላ የቀረነው ማን ነን? (ይህ ሌላ ጽሑፍ ነው፤ እዚህ ላይ ልተወው።)

ለጓደኛዬ ስለ ሪጅ ሌክ የነገርኩት ከምሳ በኋላ ነበር። በጥሞና ሰማኝና ወደ አገር ቤት ወሰደኝ። «ጣና ሄደህ ታውቃለህ?» አለኝ። አዎን። «ጉማራ ወንዝ አፍ ላይ በነሐሴ ምን እንደሚደረግ አይተሃል?»

ያነሳው ነገር እውነት ነው፤ የዋዛም አይደለም። ጣና ዓባይን በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ተፋሰስ ተለይቶ የኖረ በመሆኑ የባሕር ዳር ሰው በጥቅሉ ነጭ አሳ የሚላቸው፣ ሊቃውንቱ ግን 15 ያህል ዝርያ አድርገው የለዩአቸው ዓሣዎች በውስጡ ተፈጥረዋል። አብዛኞቹ ከጣና በቀር የትም የሉም። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ያን ጊዜ መረብ ይጠብቃቸዋል። ከላይ በወንዞቹ ውስጥም የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ የሚነሰነስበት ጊዜ አለ፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም አብሮ። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ወደ ሐይቁ የገባው እ.ኤ.አ. በ1986 ሲሆን በ1990ዎቹ ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ አዋጅ ግን መረብ አይሰበስብም።

«እዚያ የሚጠፋው ዘር ነው» አለ ጓደኛዬ። «እዚህ ግን ባስ ሞልቷል። ደግሞ አንተ የባሕር ዳርን ዓሣ ጎረድ ጎረድ አስደርገህ፣ ሎሚ ጨምቀህ ስትበላ በየትኛው ወር እንደተያዘ ጠይቀህ ታውቃለህ? ያንን የምትበላ ሰውዬ የኔን አንድ ዓሣ ታለቅስለታለህ።»

ክርክሩ ጠንካራ ነው፤ ጉዳቱ በቁጥር ከተመዘነ ከመለሰው በላይ የሚመለስ የለም። በርክ ሐይቅ ላይ አንድ ጎጆ ፈረሰ፤ ጉማራ አፍ ላይ አንድ ዝርያ ሊያልቅ ይችላል። ያም ሆኖ ሁለቱን በአንድ ከረጢት ማስገባት አልቻልኩም። ታንኳውን ይዞ የሚወጣው የጣና ሰው ነሐሴን የመረጠው ዓሣው የሚገኝበት ወር እሱ ስለሆነ፣ ቤቱም ውስጥ እህል የሚያልቅበት ወር እሱ ስለሆነ ነው። ለሁለቱም ክረምት ነው። የሱን ነገር ለማስተካከል ሌላ ሥራ፣ ሌላ ገበያ፣ የሚያስከብር ሕግና ብድር ያስፈልጋል፤ ስብከት ዋጋ የለውም። ጓደኛዬ ግን ምንም አያስፈልገውም። ልተው ካለ ነገውኑ ይተወዋል፤ ከቤቱ የሚጎድል እንጀራ የለም። ሥነ ምግባር የሚባለው ነገር ደግሞ የመጀመሪያ ቤቱ፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ይህ ሰፊ የነፃነት ቦታ ነው። በዓለም ላይ ትልቁን ጥፋት ያጠፋው ማን ነው ከሚለው ጥያቄ ጋር አያይዘን ስለምናነሳው ብቻ የራሳችንን ትንሽ ጥያቄ ሳንመልስ እንኖራለን።

ይህን ስለው ዝም አለ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። ሌሊት በሥራ ላይ ሳለ ከአገር ቤት ስልክ ሲደወል ልቡ ቀጥ ይላል። ከሦስቱ ጥሪ ሁለቱ ገንዘብ ነው። አንዱ ታሟል፣ ሌላው ተይዟል፣ ሌላዋ ልትወልድ ነው። አንድ ጊዜ ታመመ የተባለለት የሩቅ ዘመድ ቆይቶ ሲጠየቅ ሠርግ ደግሶበታል። «እና ከዚያ ወዲህ አትልክም?» አልኩት። «እልካለሁ» አለኝ። «ውሸት እንደሆነ ስትጠረጥርም?» «ብጠረጥርም። ዘጠኙ ውሸት ሆኖ አሥረኛው እውነት ቢሆንስ? ያ ዓሣ ፕላስቲክ መሆኑን ያላወቀ ይመስልሃል? ሰባት ጊዜ በአፉ አንስቶ አውጥቶታል። ፕላስቲክ ይሁን ምን ይሁን ምን አገባው? ልጆቹ መሐል መግባቱ ነው እንጂ።»

ከጓደኛዬ ይህን ስሰማ በምን ቃል እንደምመልስ ጠፋኝ፤ ምክንያቱም የኔን ክርክር ከኔ አስበልጦ ነበር የተናገረው። የሚታለል ሰው ሞኝ ነው እንላለን፤ ቋንቋችንም በዚህ የተሞላ ነው። ነገር ግን ሞኝነት አለማወቅ ከሆነ፣ እያወቀ የሚነክሰውን ምን እንበለው? ጠባቂ ሰው ስህተቱን በሁለት በኩል ይመዝነዋል። ሐሰተኛውን ጥሪ አምኖ መቶ ዶላር ማጣት አንድ ነው፤ እውነተኛውን ጥሪ ተጠራጥሮ ሰው ማጣት ሌላ ነው። ሁለተኛውን የሚፈራ ሁሉ በመጀመሪያው መጠመዱ አይቀርም። እንግዲህ አታላዩ የሚኖረው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱን ድፈን ማለት ደግሞ ስልኩን ዝጋ ማለት ነው፤ ስልክ የሚዘጉ ሰዎች ብቻ የቀሩበት ቤተ ዘመድ ምን እንደሚመስል ከሪጅ ሌክ በኋላ መገመት አያቅተንም። ስለዚህ ሸክሙ መውደቅ ያለበት በሚነክሰው ላይ ሳይሆን በሚወረውረው ላይ ነው።

ጓደኛዬ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላም አጠመደ። ሁለት ጎጆ አሳየኝ፤ በአንደኛው ላይ ወረወረ፣ አንደኛውን አለፈው። ለምን እንዳለፈው አልጠየቅሁትም። ሰው ሲያስብ ጣልቃ መግባት ደግ አይደለም።

ሰኔ ላይ እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ደወለልኝ። ሲከራከር እንደቆየ ሰው ያለ ሰላምታ ነበር የጀመረው። «እሺ፣ ባንተ ሕግ ልሂድ። ጎጆ ላይ ያለውን አልነካም። ሴቷስ?»

ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወደ ጥልቁ ተመልሳለች። ካረፈች በኋላ ይርባታል፤ አድና ትበላለች። ብትያዝ በረሃቧ ነው የምትያዘው፤ የምትጠብቀው ልጅ የላትም። በኔ ክርክር መሠረት እሷን መያዝ የሚከለክል ነገር የለም፤ ይህንኑ ነገርኩት።

«ይድገሙኝ ጌታው» አለ። «ልጆቿን ጥላ የሄደችውን ያዝ፤ ከልጆቹ ጋር የቀረውን ተው፤ ነው?»

«ነው።»

ከወዲያ ማዶ ረጅም ሳቅ ተሰማኝ። ባስ ዘንድ ትልልቆቹ ሴቶቹ ናቸው፤ አጥማጅ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚመኘው ከእነሱ ጋር ነው። «እንዲህ ያለውን ሕግማ ቀድመህ አትነግረኝም ነበር!» አለኝ።